ጋቢሽን ለጦርነቱ ወስጃለሁ

እናኑ፣
ቡሬ ሄጃለሁ፤ ያንን የጥንት ግሪኮች ጦርነት ዛሬም መድረክ ላይ ብቻዬን ልዋጋ። ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለልሽ። ውሃ ከመጣ በርሜሉን ሙዪው።

ትናንት ትርኢቱ ሳያልቅ አዳራሹን ጥለሽ ስትወጪ አይቼሻለሁ። ስልክ ተደውሎልሽ ይሆናል።

አንቺ እንደወጣሽ በጦርነቱ ልጁ የተገደለበት ሽማግሌ ንጉሥ ሬሳውን ሊለምን በልጁ ገዳይ እግር ላይ ወደቀ። ሁለቱንም የምጫወተው እኔው ነኝ። ገዳዩን ሆኜ ፊቴን ሳዞር፣ ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት ተነሡና «ስጪያቸው እንጂ፣ ልጄ፤ አባት እኮ ናቸው» አሉኝ።

እንደ ሬሳ ጠቅልዬ የያዝሁትን ጋቢዬን ለእሳቸው ሰጠኋቸው። አቅፈውት እያለቀሱ ወጡ። መልሱልኝ ማለት አልሆነልኝም።

ስለዚህ ያንቺን ሳላስፈቅድ ወስጃለሁ። እንዲመለስልሽ ከፈለግሽ ቡሬ ነይና ከፊት ተቀመጪ፤
እስከ መጨረሻው።

ሠርክአዲስ