ሸማኔ የሚለው ስም ወደ ቤታችን እንዴት እንደገባ

አቶ ጥሩነህ ሸማኔ ከአባታቸው ከአቶ ወልደገርጊስ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ የወርቅውሃ አበጋዝ፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ በኅዳር ወር 1927 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ወልደገርጊስ ሆነው ሳለ ሸማኔ ከየት እንደመጣ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁ መልስ ተሰጥቷችኋል። እውነተኛው ግን የሚከተለው ነው።

ገና ልጅ ሳሉ ቤተሰባቸው አዲስ አበባ መጥቶ ጉለሌ ሰፈረ። እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። ተማሪው የሸማኔ ልጅ በመሆናቸው «ቁጢት በጣሽ» እያለ ቢሰድባቸው ትምህርቱን ትተው ከአባታቸው ጎን የሸማ ጉድጓድ ገቡ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይም መወርወሪያ ከእጃቸው አልተለየም። በ1955 ዓ.ም. ወይዘሮ ወይንሸት ጎበናን አግብተው ታደሰንና ፅጌረዳን ወለዱ። ሲቆጡ ቤቱ ይናወጣል፤ ወዲያው ደግሞ ራሳቸው ይስቃሉ።

በ1972 ዓ.ም. ከነቤተሰባቸው ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእሳቸውን ያወጣው ግን ካርቱም ውስጥ ቅጽ የሚሞላ አስተርጓሚ ነው። «የቤተሰብ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ የቤተሰብ ስም ማለቱ ነበር። በአገራችን ቤተሰብህን የሚጠይቅ ሰው ዘርህንና ሙያህን ሊያጣራ ነውና፣ አቶ ጥሩነህ ሳያቅማሙ «ሸማኔ» አሉ። ያው ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1982 ኦክላንድ ሲገቡ ባለቤታቸውን ጨምሮ አራቱም ሸማኔ ተብለው ገቡ።

ኦክላንድ ዳውንታውን ፓርኪንግ ሠሩ። በ1985 ሳን ሆዜ ተዛውረው የኮምፒዩተር ዕቃ የሚገጣጥም ፋብሪካ ተቀጠሩ። ጣታቸው ቀጭን ክር የለመደ ስለነበር ሱፐርቫይዘራቸው አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ከእሳቸው እንዲማር ያደርግ ነበር።

ኦክላንድ ታክሲ የሚነዳ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። እሱ ሸማኔ በሚለው ስም ያፍር ነበር። ቴሌግራፍ አቬኑ ላይም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ለጠየቀው ሁሉ፣ ሸማኔ የአያታችን ስም ነው፣ አንበሳ ገዳይ ነበሩ ይላል፤ በየዓመቱም አንድ አንበሳ ይጨምርላቸዋል። በ1988 የአቶ ጥሩነህ የዜግነት ኢንተርቪው ሲደርስ ስም በዚያው መቀየር እንደሚቻል ሰምቶ፣ ቅጹን ወልደገርጊስ ብሎ ሞልቶ በመኪናው ወሰዳቸው። ገብተው ሲወጡ ስሙ እንደነበረ ነው። ለምን ቢላቸው፣

«ወልደገርጊስም አባቴ ነው፤ ሸማኔም አባቴ ነው። የቱን ልካድ?» አሉ።

ወንድምየው የመኪናውን በር በኃይል ዘግቶ ወደ ሳን ሆዜ ነዳ።

ባለፈው ጃንዋሪ በሳንባ ካንሰር ታመሙ። ሕክምናው እንዳልረዳቸው ሲያውቁ የሕይወት ታሪካቸውን እንዲጽፍ ያዘዙት ይህንኑ ወንድማቸውን ነው። «ጻፈው፤ አንበሳ ግን እንዳትገድልልኝ» አሉት።

ያ ወንድም እኔ ነኝ። አንበሳ የገደለ አያት አልነበረንም። አያታችን ተሰማ ሸማኔ ነበሩ፤ አባታችን ሸማኔ ነበሩ፤ ወንድሜም ሸማኔ ነበሩ። ይህን በቁማቸው ሳሉ፣ እሳቸው እየሰሙ፣ በእናንተ ፊት አለመናገሬ ያንገበግበኛል።

አቶ ጥሩነህ በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ዓርብ ጁን 9 ቀን 1989 ሳን ሆዜ ውስጥ ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወይንሸትን፣ ልጆቻቸውን ታደሰ ሸማኔንና ፅጌረዳ ሸማኔን፣ የሸማኔ ልጅ እኔን አምሐንም ትተውናል።

ሰማይን እንደ መጋረጃ የዘረጋ አምላክ የወንድሜን ነፍስ በክብር ይቀበልልን። አሜን።