በሽምግልና የበላሁት ዘይቱን

መስከረም 14

ሐኪም ቤት ዋልኩ። ስኳርዎ ድንበር ላይ ነው አለች ዶክተሯ። ልጅ ናት፣ ግን ታስፈራለች። «ጠዋት ምን ይበላሉ?» ነገርኳት... ላሆህ፣ ያ የሶማሌ ቂጣ፣ በማር፣ ሻይ በግመል ወተት። «ስኳሩስ ስንት ማንኪያ?» ጣሪያውን አየሁ። ጣፋጭ ሲያምርዎት የወቅቱን ፍራፍሬ ይብሉ፣ በለሱም ዘይቱኑም ደርሷል አለች። ጭማቂ ሳይሆን ፍሬውን፣ ያውም በልክ።

ለቀለምወርቅ የነገርኳት ስለ ፍራፍሬው ብቻ ነበር። እሷ ግን ዶክተሯ ጋ ደውላለች። ስኳሩ ከቤት ጠፍቷል። ሚስት ናት ፖሊስ?

መስከረም 19

ገበያው ጥግ «ቲን፣ ቲን» እያለች በለስ የምትልጥ ሴት አለች። በልክ ማለት ስንት ነው? ዶክተሯ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳት።

መስከረም 20

ከቢሮ ቀረሁ። በለሱ ሆዴን አድርቆታል። መጸዳጃ ቤት ተቀምጬ ዋልኩ። ቀለምወርቅ በሩን እያንኳኳች «ደረሰልህ?» ትላለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመለሳል?

መስከረም 26

ከቅዳሴ ስንመለስ ነቢዩ ለብቻዬ ያዘኝ። የእህቴ ልጅ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ እኛ ነን ያሳደግነው፣ ሌላ ልጅም የለንም። ይኸው መምህር ሆነ።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ላክልኝ።»

ልጅቷ ሶሲና ትባላለች፣ እዚህ ጅግጅጋ አብረው ተምረዋል። አባቷ አቶ ተክለማርያም ቆላው ኤረር ላይ የፍራፍሬ እርሻ አለው። ሚስቱ ሞታለች፣ ያለችው እሷ ብቻ ናት። «ወግ ይወዳል፣ እባክህ ተጠንቀቁ» አለኝ። እኔን ነው የሚያስጠነቅቀኝ?

ሦስት ሆነን እንሄዳለን። እኔ፣ የቢሮ ባልደረባዬ ኃይለልዑል፣ ጎረቤታችን ዐቦኮር። ኃይለልዑል ንግግር ይችላል። ዐቦኮር ደግሞ ባለሱቅ ነው፣ የተጣላ ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚሄደው።

ጥቅምት 3

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ገና ሳይነጋ ነው የወጣነው። ቁርሴ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ የቀለምወርቅ ትእዛዝ። ኤረር ስንደርስ ዓይኔ ተስለምልሟል። ሽማግሌ ደግሞ እሺ እስኪባል ድረስ ከልጅቷ ቤት ውኃ እንኳ አይቀምስም። ይህን የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ።

መጸዳጃ ቤቱ ከጓሮ ነው። መንገዱ በዘይቱን ዛፎች መሀል ያልፋል። ሽታው... አንዱ መሬት ወድቋል። የወደቀ ፍሬ እንደ ምግብ ይቆጠራል? አይቆጠርም ብዬ በላሁት። ሁለተኛው አልወደቀም ነበር።

ተመልሼ ስገባ ኃይለልዑል ቆሞ ይናገራል። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሳካ እንኳን ምግብ፣ ምራቃችንንም አንውጥ!» አቶ ተክለማርያም ግን እኔን ነው የሚያየው።

«አቶ ገብረየስ ጺም ላይ ያለው ምንድነው?»

የዘይቱን ፍሬ ቅንጣት። ከነሥጋው።

ዐቦኮር ደረሰልኝ። «መድኃኒት ነው። ሐኪም ነው ያዘዘለት።»

«ከኔ ዛፍ ላይ?»

ሰውየው ተነሣ። «የቀመሰ ሽማግሌ ጉዳዩን ጨርሷል። በሰላም ግቡ» ብሎ በሩን አሳየን። ስንመለስ የደንገጎ ዳገት ላይ ኃይለልዑል ብቻውን «ምራቃችንንም አንውጥ...» አለና ራሱን ያዘ።

ጥቅምት 4

ነቢዩ ራት አልበላም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ግድ የለም ጋሼ» ብሎ ገባ። በጣም አፈርኩ። በሁለት ዘይቱን የልጁን ትዳር...

ጥቅምት 11

ዐቦኮር ሳምንቱን ሙሉ ኤረር ሲደውል ከርሞ ዛሬ አቶ ተክለማርያምን አለሳለሰው። አንዴ ብቻ ተመለሱ ብሏል። ነቢዩ ፊቱ ተፈታ። እኔ ፍራፍሬ ሲያልፍም አላይም።

ጥቅምት 17

ገብተን ቆምን። ጠረጴዛው ላይ ጊሽጣ፣ ዘይቱን፣ መንደሪን ተከምሯል። ሰውየው ሆነ ብሎ ነው! አንድ ዘይቱን አንሥቶ ቀስ ብሎ ይልጣል፣ ስለ መስኖው ያወራል፣ እንደገና ይልጣል። እጄን ኋላዬ አድርጌ ያዝኩት።

«አቶ ገብረየስ፣ የመድኃኒትዎ ሰዓት አልደረሰም?»

«አልደረሰም።»

«ያኔ ሳልጋብዝዎ በሉ። ዛሬ ስጋብዝዎ እምቢ?»

ኃይለልዑል ሊናገር ሲል ጎተትኩት። «አቶ ተክለማርያም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልጁ በኔ ሆድ አይቀጣ። ከሱ ሌላ የለኝም» አልኩ። እንዲህ እናገራለሁ ብዬ አልነበረም የሄድኩት።

ቢላዋውን አስቀመጠ። «በልጁ አይደለም» አለ። «እሷ ጅግጅጋ ከገባች እኔ ከዛፍ ጋር ነው የምቀረው። እዚህ የሚኖሩ ከሆነ ዛሬውኑ እሺ እላለሁ።»

ጓሮ ወጥቼ ነቢዩ ጋ ደወልኩ። ነገርኩት። «ጋሼ፣ ኤረር ዝውውር ጠይቄያለሁ። ነሐሴ ላይ። ልነግራችሁ ፈርቼ ነው» አለኝ።

ነሐሴ! ሽማግሌ ላክልኝ ከማለቱ በፊት። ታዲያ እኔ ኤረር ድረስ የተራብኩት ለምንድነው?

ገብቼ «እሺ ብሏል» አልኩ። አቶ ተክለማርያም ጊሽጣ ለሁለት ከፍሎ በእጁ አጎረሰኝ። እልልታው ከጓዳ ተሰማ፣ ሶሲና ለካ የጓዳው በር ላይ ታዳምጥ ነበር። ጣፈጠኝ? ፍሬውን እንኳ መትፋት ረስቼ ዋጥኩት።

በመንገድ ዐቦኮር «ሴት ልጅ ልናመጣ ሄደን ወንድ ልጅ ሰጥተን መጣን» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ቶሎ አቆምኩ። ለቀለምወርቅ ምን ልበላት?

ጥቅምት 18

ነገርኳት። «አንተ ያን ዘይቱን ባትበላ...» አለች።

«ምን አገናኘው?»

«አላውቅም። የሆነ ሰው ላይ መናደድ አለብኝ።»

ኅዳር 10

የነቢዩ ዝውውር ተፈቀደ። ሠርጉ ለጥር ነው፣ እሱ ግን ዛሬ ሄደ። መናኸሪያ ሸኘነው። ቀለምወርቅ ሦስት ብርድ ልብስ ቋጠረችለት፣ ለኤረር ሙቀት! አልተከራከራትም፣ ተሸክሞ ሄደ።

ማታ ስልክ ጮኸ። አቶ ተክለማርያም ነው። «ደርሷል፣ በልቷል፣ አታስብ» አለኝ። አንተ ማለት መቼ ጀመረ?

እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። «ቤቱ ጭር አለብህ አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«አውቃለሁ» አለ።

ሌላ የምንለው አልነበረንም። ስልኩን ግን ማናችንም አልዘጋንም።