የቆዳ ጃኬቴ እስከ እሁድ ይጠባል

ጥቅምት 11፣ ሰኞ ጠዋት

ሽሮው አረረ። በላሁት፤ ግማሹን። አንተ ደብተር፣ ዛሬ በንዴት ነው የምጽፍብህ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረድ።

የቆዳ ጃኬቴን ከሳጥን አወጣሁ። በሹፍርናዬ ዘመን የገዛሁት፣ የመቂን ቲማቲም ሳመላልስ። ትከሻው ክንዴ ላይ ወረደ። እጅጌው ጣቴን ዋጠው። ደረጀ በር ላይ ቆሞ ያየኛል። የሟች ወንድሜ ልጅ ነው፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። እሁድ መቂ ወርደን ልጅቷን ልንጠይቅለት ነው። አባባ፣ ጋቢ ቢለብሱ አይሻልም ወይ አለ። ቀጠለ፦ ንግግሩን ጋሽ ግርማ ይጀምረው፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ። አሃ! ነገሩ ለካ እዚህ ጋ ነው። ግርማ የእናቱ ወንድም ነው፤ ቦርጫም። ሽማግሌ ሲላክ ታላቁ ይናገራል። ታላቁ እኔ ነኝ። ከስቻለሁና ተነሳ ነው ነገሩ።

ጥቅምት 12፣ ማክ.

ልብስ ሰፊው ከድር ዘንድ ወሰድኩት። ምላሱ ከመቀሱ የሰላ ነው። ቆዳ በኔ የስፌት መኪና አይደፈርም አለ። ከዚያ ሳቀ። «ጋሼ፣ ጃኬቱማ እንዳለ ነው። የጎደሉት እርስዎ ነዎት!» ደንበኛው ሁሉ ተንከተከተ። ጃኬቴን ነጥቄው ወጣሁ። ከዛሬ ወዲያ ሰላምታ የለም።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ ረፋድ

መላ አገኘሁ። አባቴ ቡልቡላ የጠፍር አልጋ ይወጥር ነበር። ቆዳውን ያርሰዋል፣ ይስበዋል፣ ሲደርቅ ጥብቅ ይላል። ቆዳ ቆዳ ነው። ውሃ አፈላሁ፣ ሳፋ ላይ ገለበጥኩ፣ ጃኬቱን ነከርኩ። ውሃው ጠቆረ። ልጄ ሰናይት ምሳ ይዛ ስትገባ ጮኸች። አባባ፣ ያ ጥሬ ቆዳ ነው፣ ይሄ የለፋ ነው፣ ይበላሻል! አንቺ ጠፍር የት አይተሽ ብዬ ከነምሳ ዕቃዋ አባረርኳት። እርጥቡን ለበስኩት። በላዬ ይድረቅ፣ ልኬን ይያዝ። የናዝሬት ፀሐይ ለምን ተፈጠረ? ግቢ ወንበር አወጣሁ።

8 ሰ.

ይጠባል። ትከሻው ቦታው ገባ። ግርማ ይየው!

10 ሰ.

እጅጌው ወደ ክርኔ እየሸሸ ነው። ዚፑ አይገናኝም። ክንዴ አልታጠፍ አለ። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጄን ዘርግቼ ነው የምጽፈው። ውሃ ጠማኝ፤ ብርጭቆው አፌ ጋ አይደርስም። አይወልቅም። ሰው አልጠራም።

ሐሙስ

ጠራሁ። ትናንት ፀሐይ ሳትገባ፣ በአጥር በኩል ጎረቤት ላኩባቸው። ሰናይት ሳበች፣ ደረጀ ሳበ። ወይ ፍንክች። ያን ባላንጣ ከድርን ከነመቀሱ አመጡብኝ። ቢስቅ ልሰድበው ተዘጋጅቻለሁ፤ አልሳቀም። ጀርባውን ቀዶ አወጣኝ። ገላዬ ላይ የጃኬቱ ጥቁር ቀለም፣ ከቀለሙ ሥር አጥንት። ሰናይት ፊቷን አዞረች። «አባባ፣ የማመጣውን ምግብ ማነው የሚበላው?» ድመቷ አልኩ። ምን ልበል? እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ማዕድ ስቀርብ እህል አልወርድ ይለኛል። ይሄን ለነሱ አልተናገርኩም። ላንተ የነገርኩህ አፍ ስለሌለህ ነው።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ደረጀ መጣ። ሐኪም ቤት ካልሄዱ መቂም አይሄዱም ይላል። እኔን! ተሰዳደብን፤ ማለት እኔ ሰደብኩ። አልተነቃነቀም። ይሄን ግትርነት ከማን እንዳመጣው አላውቅም። በመጨረሻ ተስማማን። ሰኞ እመረመራለሁ። እሁድ እናገራለሁ። ግርማ ይሰማል።

እሁድ፣ 1 ሰ.

የሰናይትን ባል ኮት ለብሻለሁ። ሰፊ ነው። ይስፋ። የልጅቷ ቤተሰቦች ደጅ አቁመው ቢያቆዩንም እስኪበቃቸው እቆማለሁ፤ ድምፄ አልከሳም።

ሰናይት ቂንጬ ይዛ መጣች፤ ካልጨረሱ አልነሳም ብላ ፊቴ ተቀመጠች። እሷም በላች። ጨረስኩት። ደስ እንዳይላት ጨው በዝቶበታል አልኳት።

የመኪና ጡሩምባ ተነፋ። በመስኮት አየሁ። ግርማ ጋቢና፣ የታላቁ ቦታ ላይ፣ ተኮፍሷል።

ይወርዳታል።