የሰው በርኖስ ለብሼ

ረቡዕ

ቆረጥኩት። መቀሱ ወፍራሙን ሱፍ ሲበላው የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በርኖሱ የእኔ አይደለም። የአያ ዳኘው ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው የኮሶዬ ደጋ ገበሬ ናቸው፣ የአክስቴ የሐሊማ የቆዩ ደንበኛ። አንገቱ ተተልትሎ ስለነበር ከጥምቀት በፊት እዚህ አራዳ ልብስ ስፌት ሱቃችን ድረስ አምጥተው ለአክስቴ ሰጧት። እሷም ቶሎ ሰፍታ ጓዳ ሰቀለችው። እሳቸው ግን እስካሁን አልመጡም። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት ነው ይባላል፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። እኔም ልብስ ስተኩስ በዋልኩ ቁጥር አየዋለሁ። ጥቁር፣ ከባድ፣ ትከሻው ላይ ሹል ያለ። ካባ ማለት እሱ ነው።

ቅዳሜ የኮሚክና የአኒሜሽን ወዳጆች የሚሰበሰቡበት ቀን ነው። ሁሉም የሚወደውን ጀግና ለብሶ ይመጣል። እኔ የምለብሰው ከለላን ነው፤ ጓደኛዬ ሰላም የፈጠረቻትን ጀግና። ከለላ ካባዋን ስትዘረጋ ውርጭ የደጋውን ባቄላ አይነካውም። አምና ካባዬ የመጋረጃ ጨርቅ ነበር። መድረኩ ላይ ዞር ስል እግሬ ላይ ተጠመጠመና በግንባሬ ተደፋሁ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ያልሳቀችው ሰላም ብቻ ነበረች፣ ይሄ ደግሞ ባሰብኝ።

ዘንድሮ የሚስተካከለው፦ ጭንብሉ (ካርቶኑ ቀርቶ በስፖንጅ ምንጣፍ ተሠርቷል፣ ቀለም ይቀረዋል)። ቦቲው (ብርማ ቀለም ተቀብቷል፣ ሲረግጡት ይሰነጠቃል)። ካባው።

በርኖሱ ለእኔ ረዝሞ መሬት ይጎተት ነበር። ስለዚህ ከታች ቆረጥኩት። ትንሽ ነው እያልኩ ነበር የምቆርጠው። ቁራጩን ሳነሳው ትንሽ አልነበረም።

ሐሙስ

ጠዋት አክስቴ ጨርቅ ልታመጣ ስትወጣ ጀርባው ላይ የከለላን ምልክት፣ ብርማውን የባቄላ አበባ፣ በማስቲሽ ለጠፍኩት። ቆንጆ ሆነ። አቤት ቆንጆ ሆነ።

ማስቲሹ ሳይደርቅ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ነጠላዋን አጣፍታለች፣ ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

«እናኑ እባላለሁ፤ የአያ ዳኘው ልጅ ነኝ» አለችኝ። «አባባ በርኖሱን አምጪልኝ ብሎኝ ነው። እሑድ የእህቴ ልጅ ሠርግ ነው፣ መራቂው እሱ ነው።»

በርኖሱን ከጠረጴዛው ሥር በእግሬ ገፋሁት። «አላለቀም» አልኳት። «ሰኞ ይደርሳል።»

«ምነው፣ አንገቱ ብቻ አልነበር እንዴ?»

«ክሩ ጠፍቶ ነው።»

«ሰኞማ ምን ያደርግለታል» አለች፤ ተቆጥታ አይደለም፣ ለራሷ ነበር የምትናገረው። ውኃ ትጠጣ እንደሆን እንኳ አልጠየቅኋትም። ከኮሶዬ ድረስ መጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ዓርብ

ከጁምዓ በፊት አክስቴ ጓዳ ገብታ «የአያ ዳኘው በርኖስ የት ገባ?» አለችኝ።

«ልጃቸው መጥታ ወሰደችው።»

«አልሐምዱሊላህ። ለሠርጉ ደረሰላቸው ማለት ነው፤ ሰው ነግሮኝ ሳስብ ነበር።»

ሶላት ስትሄድ አበባውን ልነቅለው ሞከርኩ። ከማስቲሹ ጋር ሱፉም አብሮ ተነሳ። እጄ ላይ ጥቁር ጠጉር ቀረ። አቆምኩ።

ዛሬ ኮሶዬ ልወስደው እችል ነበር። እንዳለ፣ እንደተበላሸም ቢሆን ለሠርጉ ይደርስላቸዋል። ይህን አሰብኩ፣ በደንብ አድርጌ አሰብኩት። ከዚያ ጭንብሉን ቀለም መቀባት ጀመርኩ።

ሰላም መጥታ ካባውን አየችው። በእጇ ዳሰሰችው፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይቺ ራሷ ከለላ ናት» አለች። «ከየት አገኘሽው?»

«ከዘመድ።»

ውሸት አንዴ ከተጀመረ ለካ አይከብድም። የሚከብደው ይሄን ማወቁ ነው።

ቅዳሜ

አልወደቅኩም። ካባው ስዞር አብሮኝ ዞረ፣ ስቆም ከኋላዬ ረጋ ብሎ ወረደ። አምና የሳቀብኝ አዳራሽ ተነሥቶ አጨበጨበ። በእጅ ከተሠሩት አልባሳት የእኔ ተመረጠ ተባለ። ሰላም አቅፋኝ አለቀሰች። ፎቶ፣ ፎቶ፣ ፎቶ።

ሙቀቱ ሲበረታ በርኖሱ ሽታውን አወጣ። የእንጨት ጭስ፣ የበግ ጠጉር፣ የሰው ላብ። የሌላ ሰው ቤት ሽታ ነው። አንዲት ሕፃን ከካባው ሥር ገብታ ካልተሸፈንኩ ብላ ስታስቸግር እናቷ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሰላም «ደክሞሽ ነው» አለች። አዎ አልኳት።

እሑድ

ቁርስ አልበላሁም። ደጅ ነፋስ አለ። እዚህ እንዲህ ከነፈሰ ኮሶዬ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። አሁን ሙሽራዋ ትወጣለች፣ አሁን ሽማግሎች ይቆማሉ እያልኩ አረፈድኩ።

ረፋዱ ላይ በርኖሱን አውጥቼ አክስቴ ፊት ዘረጋሁት፤ ቁራጩንም አጠገቡ። ሁሉንም ነገርኳት። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለችው። ልትጮህ ነው ብዬ ነበር፣ አልጮኸችም።

«ለእኔ የዋሸሽው ይቆየን» አለች። «ሰውዬው ዛሬ ምን ለብሰው ቆሙ?»

ቁራጩን ማጠፍ ጀመርኩ።

«ነገ እንሄዳለን። እኔ አብሬሽ እሆናለሁ፣ ንግግሩ ግን ያንቺ ነው።»

ሰኞ

ከሚኒባሱ ስንወርድ ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል። እናኑ አጥሩ ጋ ተቀበለችን፣ በእጄ የያዝኩትን አይታ ፊቷ ፈካ። ከዚያ ዘረጋሁላት።

አጣጥፋ መለሰችልኝ። «ጎረቤት በርኖስ ላውስህ ቢለው አባባ እምቢ አለ» አለችኝ። «በስስ ጋቢ ቆሞ መረቀ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰው ደስታ መሰለው።»

አያ ዳኘው ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይጠብቃሉ። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ፣ «እኔ ነኝ የቆረጥኩት» ብቻ አልኩ።

በርኖሱን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠርዙን ዳሰሱ። ጀርባውን ገልብጠው አበባውን አዩ።

«ምነው ልጄ፣ ሳትነግሪኝ?»

«ብጠይቅዎ ይከለክሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

«እከለክልሽ ነበር» አሉ። «ሰው የሚጠየቀው እኮ ለዚሁ ነው።»

አክስቴ መሬት መሬት ታያለች።

«ምን ልትሆኚበት ነው የቆረጥሽው?» አሉኝ ቆይተው። በስልኬ ፎቶውን አሳየኋቸው። ስለ ከለላ ነገርኳቸው፤ ስለ ካባዋ፣ ውርጩን ከባቄላው ላይ ስለምትመልሰው። እየተናገርኩ ፊቴ ጋለ።

«ሸጋ ሥራ ነው» አሉ። አልሳቁም። «የእኛን ባቄላ ግን አምና ውርጭ መታው።»

አክስቴ እንውሰደውና እናስተካክለው፣ ሰፍተን እንመልሳለን አለቻቸው። አያ ዳኘው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም። ከእንግዲህ ከእጄ አይወጣም።» ተነሡና ለበሱት። ድሮ ባታቸውን ይሸፍን የነበረው ጉልበታቸው ላይ ቀረ። ብርማውን አበባ ጀርባቸው ላይ እንዳዘሉ ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ። ወደ ኋላ አልዞሩም።

ሚኒባስ ውስጥ አክስቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ተመለሰች። ቁራጩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እንዴት እንደምሰጣቸው ሳላውቅ ይዤው ተመለስኩ።

ማክሰኞ

ጠዋት ለሰላም እውነቱን ነገርኳት። ተቀየመች፤ ከዘመድ ነው ያልኳት ነው ያስቀየማት። «ከለላ እንዲህ አታደርግም» አለችኝና ሄደች። ልክ ናት።

ከሰዓት አክስቴ ስልኳን አቀበለችኝ። እናኑ ነበረች።

«አባባ ሐሙስ ትምጣ ብሏል። መርፌና ክር፣ የቆረጥሽውንም ይዘሽ። እዚሁ ቁጭ ብለሽ ትቀጥዪዋለሽ።»

«እሺ። ያን ቀን በርኖሱን ይሰጡኛል ማለት ነው?»

«አይሰጥሽም። ብርድ ነው፣ አላወልቅም ብሏል። እንደለበሰው ትሰፊዋለሽ።»

አክስቴ ሰምታ ኖሮ መሳቢያዋን ከፍታ ወፍራሙን መርፌ አውጥታ ሰጠችኝ። ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችኝ።

ሰው የለበሰውን ልብስ ሰፍቼ አላውቅም። ተንበርክኬ ነው መሆን ያለበት፣ ከጉልበታቸው ሥር። ምን እያወራሁ እንደምሰፋ አላውቅም፤ ይናገሩኝ ይሆን፣ ዝም ይሉኝ ይሆን አላውቅም። በመርፌው እንዳልወጋቸው እፈራለሁ።

ግን ትምጣ ብለዋል።