ለመቶ በመቶ ጭንቀቴ ስለተመደበልኝ ሐኪም

ካርቱም፣ ነሐሴ 2009 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ገብረየስ ወልደሥላሴ
የወረርሽኙ ጊዜ ጭንቀት ጥናት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም ከአተቱም ከዝናቡ ጭቃም ከትንኙም ተርፋችሁ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በእናቴ የወሎ፣ በአባቴ የኦምዱርማን ልጅ የሆንኩ፣ በጥናትዎ ላይ መጠይቅ ሳስሞላ የከረምኩ ወፋ ነኝ። አማርኛዬን የተማርኩት ከእናቴ ቁጣ ስለሆነ፣ አክብሮቴ ቁጣ ቁጣ ቢሸት ጥፋቱ የትምህርት ቤቴ ነውና ይቅርታዎ አይለየኝ።

ከአሥር ቀን በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ውጤት አነበብኩ። ስልሳ አራት የቤት ሠራተኞች በእኔው ተጠይቀው አንዲትም የተጨነቀች አልተገኘችም። ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ቸርቻሪዎች ከመቶው አሥራ አንዱ፣ ከተማሪዎች ከመቶው ሃያው ተጨንቀዋል። "ሌሎች" በሚለው ረድፍ ግን መቶ በመቶ ይላል። በዚሁ መሠረት ሠራተኞቹ በሚኖሩበት በጀብራ ሰፈር በየሐሙሱ ሴቶችን ያነጋግሩ የነበሩት ሐኪም ክፍላቸው ተዘግቶ፣ "ሌሎችን" እንዲያክሙ ወደ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ወደ ዐማራት ቢሮ ተዛውረዋል። ለዚህ ፈጣን ውሳኔ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ "ሌሎች" የተባልኩት እኔ አንዷ ብቻ ነኝና።

ኮሚቴው ከቁጥር ውጭ ነገር እንደማይገባው ስለማውቅ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. የመጀመሪያው ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው። ስንሠለጥን ከመጠይቁ ውጭ ምንም እንዳትጠይቁ ተብለን ነበር፤ እኔም ትእዛዝ አክባሪ ነኝ። ከስልሳ አራቱ አንዷን፣ ጦይባን፣ የጠየቅኳት ዐማራት ከምትሠራበት ቪላ በር ላይ ቆመን ነው። ጀብራ አንድ ክፍል ተጋርታት ትኖር የነበረችው፣ የእኔም ወዳጅ ሬሕማ በአተት ከሞተች ገና ሦስት ሳምንት አልሞላትም ነበር። ጦይባ በሽታ ይዘሽብን ትገቢያለሽ ተብላ ከግቢ እንዳትወጣ ስለተከለከለች ጓደኛዋን እንኳ አልቀበረችም። እጇን በበረኪና ስትታጠብ ስትታጠብ ቆዳው ተልጧል። እንቅልፍ አጥተሻል ወይ አልኳት። "አልሐምዱሊላህ" አለች። ሆድ ይብስሻል ወይ አልኳት። "አልሐምዱሊላህ።" ተስፋ ቆርጠሽ ታውቂያለሽ ወይ ብላትም "ወላሂ፣ አልሐምዱሊላህ" አለችኝ። አሥሩ ጥያቄ በአራት ደቂቃ አለቀ፤ እኔም "በጭራሽ" የሚለው ሳጥን ላይ አሥር ጊዜ ምልክት አደረግኩ።

ያቺ ቃል ፈጣሪን ማመስገኛ እንጂ የጤና ምስክር ወረቀት እንዳልሆነች ጠፍቶኝ አይደለም። እናቴ አባቴ የሞተ ቀንም ያለችው እሷኑ ነው። ነገር ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ በቀን ሃያ ሰው አስሞልታ ከሁሉ ቀድማ የጨረሰች መባል አማረኝ፤ ተባልኩም። ስላጨበጨባችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፪ኛ. በማስረከቢያው ቀን አንድ ሰው ስለጎደለኝ የመጨረሻውን መጠይቅ ለራሴ ሞላሁት። ዜግነት በሚለው ላይ ኢትዮጵያዊት ብል የእናቴ ጎረቤቶች ይስቁብኛል፣ ሱዳናዊት ብል የአባቴ ዘመዶች ይስቁብኛል። ሥራ በሚለው ላይም መጠይቅ ማስሞላት ከሥራ አልተቆጠረም። ስለዚህ በሁለቱም "ሌላ" ብዬ አለፍኩ። ጠያቂዋም ተጠያቂዋም እኔው ስለነበርኩና የማፍረው ሰው ስላልነበረ ጥያቄዎቹን እውነቱን መለስኳቸው። እንቅልፍ የለኝም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ የሬሕማ ስልክ ቁጥር አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

፫ኛ. ይህኛው እንኳ ከቅሬታ ይልቅ ምስጋና ነው። ጭንቀቴ በማኅተም ተረጋግጦ አንድ ሙሉ ሐኪም ተመድቦልኛል፤ ይህን ክብር ባለሥልጣን እንኳ አያገኘውም። ባለፈው ሐሙስ ሄጄ ሃያ ወንበር በተደረደረበት አዳራሽ ብቻዬን ተራዬን ጠበቅኩ። ከፊቴ ማንም ስላልነበረ ተራው ቶሎ ደረሰኝ። ገብቼ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን ስለ ራሴ አልነበረም። አፍሬ ነው።

ስለዚህ ስልሳ አራቱን መጠይቆች በነጻ፣ በዚህ ጊዜ ግን ቁጭ ብዬ፣ እንደገና እንዳስሞላ እንዲፈቀድልኝ፣ እስከዚያውም የጀብራው ክፍል እንዲከፈት ከታላቅ ትሕትና ጋር እለምናለሁ። ሰንጠረዡ ይበላሻል ብለው እንዳይሰጉ፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ጥናትዎን ያሳመርኩ፣ ፍጥነቴ የተመሰከረልኝ፣ የከተማዋ ብቸኛዋ ሕጋዊ ጭንቀታም፣

ወፋ ዐብደልወሃብ

ግልባጭ፦
ለ"ሌሎች" (ደርሶኛል)

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ በመጪው ሐሙስ በእኔ ቀጠሮ የምትገባው ጦይባ ናት፤ ማዳሟን ለምኜ የግማሽ ቀን ፈቃድ አግኝቼላታለሁ። ሐኪሟ እንደምን ነሽ ሲሏት የምትመልሰውን እኔም እርስዎም እናውቀዋለን። እባክዎ፣ መልሷን ከመጻፋቸው በፊት እጇን ይዩልኝ ብለው ይንገሩልኝ።