በቢሮው በር ላይ የገባው መስታወት

ሐሙስ፣ ሰኔ 4

ሜትር ይዘሽ ከኋላ ከኋላዬ ትዪ ለነበርሽው፣ ለልጄ ለሜትሬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? በስልክ ድምፄን ስትሰሚ «ለእማዬ ስጣት» ትያለሽ። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብሽ። ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ጤነኛ ነው።

ዛሬ የቤተ ክርስቲያናችንን የመጋቢውን ቢሮ በር ነቅዬ ወደ አናጢ ቤቴ አመጣሁት። «ድምፅ የማያሳልፍ ይሁን» ብሎኝ በድርብ ጣውላ የሠራሁለት፣ ሰው ሲያደንቅልኝ ደረቴን የነፋሁበት በር ነው። አንቺ ብቻ «አባዬ፣ መሐሉ ላይ መስታወት ብታስገባበትስ?» አልሽኝ። እኔ ደግሞ «ሙያዬን ልታስተምሪኝ ነው?» ብዬ ሳቅኩብሽ።

እዚያ በር ውስጥ ገብተሽ እጮኛሽን ለምን እንደተውሽው ለመጋቢው ነገርሽው። እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ «ጌታ ገለጠልኝ» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ዘረገፈው። ቤት ስንገባ «አባዬ፣ የነገረው ጌታ አይደለም፤ ማክሰኞ ዕለት የነገርኩት እኔ ራሴ ነኝ» ስትዪኝ፣ «በተቀባው ሰው ላይ አፍሽን አትክፈቺ» አልኩሽ። በማግስቱ ሻንጣሽን አንሥተሽ ሄድሽ። ይኸው ሦስት ዓመትሽ።

አሁን የምነግርሽን ስሚና ሳቂብኝ፤ ፈቅጃለሁ። ሚያዝያ ላይ ዓይኔ ፈዘዘ። ለአንድ ቁም ሳጥን አንዱን በር ረጅም፣ አንዱን አጭር አድርጌ ቆረጥኩ። እናትሽ ደንግጣ መጋቢው ዘንድ ሄዳ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን መነጽር ቤት ብሄድ ሰውየው አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ ይሄ የሴት መነጽር ነው» አለኝ። ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ የእናትሽን ነበር የማደርገው! እሷም የእኔን አድርጋ ስፌቷን ስታጣምም ከርማለች። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ለመጋቢው መንገሩን ግን ረሳነው።

እሑድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እዚህ መካከል አንድ አናጢ አለ። የዓይኑ ብርሃን እየጠፋ እንደሆነ ጌታ አሁን አሳየኝ። ምክንያቱም ያመፀች ልጁ ናት» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ በገዛ መነጽሬ ከጀርባው ያለውን ሰዓት እስከ ሴኮንዱ አያለሁ። ልጄ፣ ጌታ የእኔንና የእናትሽን መነጽር አያምታታም። ያቺ ማክሰኞሽ ትዝ አለችኝ። ተነሥቼ፣ «መጋቢ፣ ይህን የነገረችዎት ባለቤቴ ናት» አልኩ።

ከኋላ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ተነሥታ «ስለ እኔ ተገለጠልኝ ያሉትንም የነገርኳቸው እኔው ነኝ» አለች። ቀጥሎ ጡረተኛው ሾፌር ተነሣ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች የሁሉንም ቃል ለየብቻ ሰምተው መጋቢውን ከአገልግሎት አነሡት። ጥፋቱ ግን የእሱ ብቻ አይደለም። ሁሉን ለአንድ ሰው አስረክበን «ለምን?» ማለትን ኃጢአት ያደረግነው እኛ ነን።

አሁን መድረኩን ሦስት ሰዎች ይፈራረቁበታል። «ተገለጠልኝ» የሚል ሰው መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ባለፈው እሑድ አንዲት እናት ስብከት አቋርጠው «እዚያ ላይ እንደዚያ አይልም» አሉ። ሰባኪው መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ አየና «እውነትዎን ነው እማማ» ብሎ አረመ። ጣራው አልወደቀብንም። እንደዚያን ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ የቢሮው በር ላይ መስታወት ይግባበት ሲሉ «ሐሳቡ የልጄ ነው» ብዬ በቃለ ጉባኤ አስጻፍኩ። አላመንኩሽም ነበር፤ አባትሽ ሆኜ አላመንኩሽም። ይቅር በዪኝ።

መስታወቱ ምን ያህል ከፍ ይበል ሲሉኝ ቤት ሄጄ የወጥ ቤታችን መቃን ላይ ቁመትሽን በእርሳስ ያሰመርኩበትን፣ የመጨረሻዋን መስመር ለካሁ። በዓይንሽ ልክ ቆረጥኩት። መጥተሽ ብትቆሚ ሳትንጠራሪ ውስጡን ታያለሽ።

እግርሽን እንቅፋት አያግኘው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አፍሽንም ማንም አይዝጋብሽ። እኔንም ጨምሮ።

አባትሽ፣ አናጢው

ምናልባት ቁመት ጨምረሽ ከሆነ ብዬ መስታወቱን ገና አላሰርኩትም።