የእናቴ አውራ ጣት

ኅዳር 3 ቀን 1931፣ ደብረ ማርቆስ
ዛሬም ሃያ ሦስት ልጆች፣ ሁለት ስባሪ ጠመኔ። ሳስተምር ዋልኩ። ከሰዓት ጣሊያኑ ዲሬክተር ጠራኝ። ስድስት ተማሪ ይዤ ሮም ልሄድ! «የአዲሱን ዘመን ታሪክ በዓይናችሁ አይታችሁ ትመጣላችሁ፤ ከዚያ ታስተምራለህ።» እምቢ ብልስ? ታላቅ ወንድሜ አንሙት አርበኛ ሆኖ ጮቄ ጫካ መግባቱን ያውቅ ይሆን?

ኅዳር 6
ዋስ አምጣ አሉኝ። ብጠፋ የሚታሰርልኝ... ማንን ልለምን? እምዬ ቀድማኝ ቢሮ ደርሳለች። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ተጫነችው።
«እምዬ፣ ምነው?» አልኳት ስንወጣ።
«አንዱን ለጫካ ሰጥቻለሁ። አንተ ግን ተመለስልኝ።»
በቃ፣ በጣቷ ታሰርኩ።

ኅዳር 9
አንሙት ሰው ላከብኝ። «ሮምን ከረገጥህ ወንድም የለኝም» ብሏል። እሱ ምን አለበት! ተናደድኩ። ደግሞ አፈርኩ።

ጥር 2፣ ሮም
ብርድ። በሰልፍ ያስኬዱናል። ድልድይ፣ ፋብሪካ... ያምራል፣ አልዋሽም። ዛሬ ግን ሙዚየም ገባን። መስታወት ውስጥ አንድ ብራና... የአጥቢያችን ተአምረ ማርያም! ኅዳጉ ላይ የሟቹ አባቴ እጅ ጽሑፍ፦ «ዘሰረቆ ውጉዘ ይኩን።» የሰረቀው የተወገዘ ይሁን!
አስጎብኚው «ምን ይላል? ለልጆቹ ንገራቸው» አለኝ። የእምዬ ጣት ታየኝ። «የስጦታ ቃል ነው» አልኩ። የቄሱ ልጅ አስማማው ግዕዝ ያነባል። ቀና ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ጥር 3
ምሳዬን ለአስማማው ሰጠሁት።

ሚያዝያ 20፣ ደብረ ማርቆስ
ገባን። ዲሬክተሩ ቆጠረን፤ ሰባታችንም አለን። እምዬ ሳትስመኝ አልፋኝ ወደ እሱ ሄደች። «ልጄ መጥቷል። ወረቀቴን ቅደዱልኝ።» ሳቀ። «አልቀድም፤ ለከርሞም ይሆናል» አላት።

ሚያዝያ 23
የመጀመሪያው የታሪክ ትምህርት። ዲሬክተሩ ከኋላ ተቀምጧል። አስማማው እጁን አወጣ።
«የኔታ፣ ያ መጽሐፍ ምን ይል ነበር?»
ጠመኔውን አነሳሁ። የአባቴን ቃል እንዳለ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ልጆቹ እንደ ፊደል ቆጠራ በአንድ ድምፅ አዜሙት። ዲሬክተሩ በእግሩ ምት እየመታ ደስ አለው። ወዲያው ቃሉን ገልብጦ ያዘ፤ ግዕዝ የሚያውቀው አስተርጓሚ ነገ ይመጣል።
ምን አደረግሁ? እምዬን አሳሰርኳት!
ሮጬ ቤት ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ብራናውን፣ ውሸቴን፣ ሰሌዳውን። ጥቂት አለቀሰች። ከዚያ ሁለት ስልቻ አወረደች።
«ሁለተኛው ለማን ነው?»
«አንት ልጅ፣ ለኔ ነዋ! አንሙት ዘንድ ነው የምንሄደው። እኔም አንተም ከሌለን ማንን ሊያስሩ ነው?»